የዘውድነሽ የቤት ሥራ ዕቁብ

ዘውድነሽን ለማወቅ መጀመሪያ ዘንቢሏን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው በዘንቢል ጎመንና ቲማቲም ይሸከማል፤ እሷ የተማሪ ወረቀት ትሸከማለች። ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ይዛው ትወርዳለች፣ ማታ ይዛው ትወጣለች። ቤቷ ደግሞ ታክሲው ከሚያቆምበት በላይ፣ ሽቅብ ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ሁሉ አርመሽ ልትጸድቂ ነው?" አልኳት። "አንተ አታርም፣ እኔ አርማለሁ፤ ደመወዛችን አንድ ነው። ታዲያ ምን አስቀናህ?" አለችኝ። ምላሷ እንዲህ ነው፤ ቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው ባይነካካት ይሻለዋል።

እኔ ፉፋ እባላለሁ። ከካራ ዝቅ ብሎ ባለው ኮሌጃችን ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እሷ ኬሚስትሪ። አንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንነታረክ ብዙ ዓመት አልፏል። የኔ ሃይማኖት ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነው። ኮቴ በጠመኔ ነጭ ካልሆነ ያስተማርኩ አይመስለኝም። አዲስ ነገር ሲመጣ ደሜ ይፈላል፤ ይህንን ደግሞ ማንም ያውቃል፣ አልደብቅም።

የዘውድነሽ ችግር ኩረጃ ነበር። የቤት ሥራ ትሰጣለች፣ ልጆቹ ይሠራሉ፣ ማለትም አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። አንዱ ከተሳሳተ ስህተቱ እንደ ጉንፋን ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ወረቀቷ መጨረሻ ላይ "ወደ ኋላ ይገለጥ" ብላ ጻፈች፤ የቀረውን ከጀርባው ሠርታ ነበር። ከእሷ የገለበጡት ሁሉ "ወደ ኋላ ይገለጥ" ብለው ጻፉ። ዘውድነሽ ትገልጣለች፣ ባዶ። ሌላውን ትገልጣለች፣ ባዶ። እኔ ወንበሬ ላይ በሳቅ ስንከተከት እሷ ቀይ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "በቃኝ! ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ የየራሱን ጥያቄ ነው የምሰጠው!" አለች። "ይኼን ሁሉ ጥያቄ ማን ሊያወጣው? ማን ሊያርመው? አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ወፍጮ?" አልኳት። እስክሪብቶዋን አንሥታ ወጣች። ዘውድነሽ ሳትነክሰኝ ከወጣች ነገር አለ ማለት ነው።

በክረምቱ አዳማ ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ ነገሩ ታወቀ። በኢንተርኔት የቤት ሥራ የሚሰጥ ፕሮግራም አምጥታለች። ጥያቄው አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን ለየተማሪው ይለያያል። ተማሪው መልሱን ሲያስገባ እዚያው ያርመዋል። ከተሳሳተ ፍንጭ ሰጥቶ "እንደገና ሞክር" ይለዋል፤ በሌላ ቁጥርም እንደገና ይጠይቀዋል። ጥያቄዎቹን ራሷ ነው የጻፈቻቸው። አንዱን አሁንም አስታውሰዋለሁ፦ "የካራ ባለሱቅ በረኪናውን በውኃ አበዛው። ስንት እጥፍ አቀጠነው?" የአንዱ ተማሪ ባለሱቅ አንድ ኩባያ ውኃ ይጨምራል፤ የሌላው አዘኔታ የሌለው ሌባ ነው፣ ጀሪካን ሙሉ ይደፋበታል።

"ይኼ ላም አለኝ በሰማይ ነው" አልኳት። "ማርኩ እላይ፣ አንቺ እታች። ከእንጦጦ ደመና በወረደ ቁጥር ኔትወርኩ አብሮ የሚወርድበት አገር ላይ!"

"ቀና ብለህ ስትጠብቅ አንገትህ እንዳይቀጭ" አለችኝ።

ሥራው ግን ክፍል ይፈልጋል። ኮሌጃችን በእርዳታ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች ላስቲክ ለብሰው፣ በር ተቆልፎባቸው የተቀመጡበት ክፍል ነበር። ዲናችን ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ያንን ክፍል ለስብሰባ አዳራሽ አስበውታል። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነው፤ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት። ሠራተኛውም፣ ገበሬውም፣ ተማሪውም አንድ ለአምስት ተደራጁ ተብሎ፣ አንድ መሪና አምስት ተከታይ እየሆኑ ይሰበሰባሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። ዘውድነሽ ዲኑ ቢሮ በር ላይ ቆማ ለመነች፣ ተከራከረች፣ መጨረሻ ላይም ተቆጣች። "እሺ" አሏት፤ "አንድ ሴሚስተር ሞክሪው። ውጤቱ ካማረ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካላማረ ወንበር አስገባበታለሁ፣ ያኔ እንዳትከራከሪኝ።" እሷም እሺ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መዞር ጀመረች።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባታዩት ይሻላል፤ ለኔ ማለቴ ነው። ሁሉም ተማሪ መቶ! ሰነፉም መቶ፣ ጎበዙም መቶ፣ ክፍል መጥቶ የማያውቀውም መቶ። ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ በየኮሪደሩ "ምርጥ ተሞክሮ! ምርጥ ተሞክሮ!" ማለት አበዙ፤ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች መጥተው እንዲጎበኙም ጋበዙ። ዘውድነሽ ወረቀት ማረም ቀርቶላት ባዶ ዘንቢል እያወዛወዘች ስታልፍ፣ "ፉፋዬ፣ አንገትህ እንዴት ነው?" ትለኛለች።  ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም። እነዚህን ልጆች አውቃቸዋለሁ እኮ፤ እኔም አስተምራቸዋለሁ።

ከዚያ የወረቀት ፈተና፣ ሚድ፣ መጣ። ዘውድነሽ አርማ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ፉፋ፣ ና እስቲ እየው። ጎበዞቹ ወድቀዋል።"

"ኩረጃው ነዋ!"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሰነፎቹ አልፈዋል።"

"ገልብጠሽ አርመሽ ነው" አልኳት። ግን ቁጭ ብዬ ሳየው እውነት ነው። የክፍሉ አንደኛ ኤልቃና ተንኮታኩቷል። ኤልቃና የሰባኪ ልጅ ነው፣ ቋንቋው እንደ ማር የሚፈስ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የቡድኑ መሪ። ከኤልቃና ቡድን ውስጥ ያለችው ሎሚ ግን ከክፍሉ ሁሉ በላይ አምጥታለች። ሎሚን ልንገራችሁ። የካራ ልጅ ናት፤ አባቷ እርሻቸው ለቤት መሥሪያ ከተወሰደ በኋላ ጥበቃ ሆነው የሚሠሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው በኦሮምኛም በአማርኛም ይወራል፤ ሎሚ ግን በሁለቱም ዝም ናት። ስሟ ሲጠራ "አቤት" ከማለት በቀር ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ያለፈው ሴሚስተር ለጥቂት ነው ያልተባረረችው። እና እሷ አንደኛ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ይኼው ነው።

ሌሎቹን ቡድኖች አየን። በየቡድኑ ያው ነው። መጨረሻ የነበረው ልጅ አልፏል፣ የቀሩት ተዘርረዋል።

ዘውድነሽ ክፍል ገብታ ስትጠይቅ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለ ትርዒት አያመልጠኝም። "ልጆች፣ ምን ሆናችሁ ነው?" አለች። ኤልቃና ተነሣ፣ እጁን አጣመረ።

"ቲቸር፣ ይቅርታ፣ በቡድናችን የሥራ ክፍፍል አለ።"

"ምን ዓይነት ክፍፍል?"

"እኔ ስብሰባ እመራለሁ። አንዱ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፣ አንዷ ሪፖርት ትጽፋለች፣ ሁለቱ ቀድመው ላይብረሪ ቦታ ይይዛሉ። ሎሚ ደግሞ ኦንላይኑን ትሠራለች።"

"የማንን ኦንላይን?"

"የሁላችንንም። ፓስወርዳችንን ሰጥተናታል።"

ልብ በሉ፤ ልጁ አላፈረም። የሚያሳፍር ነገር ሠርቻለሁ ብሎ አላሰበም! ተደራጁ ተብለው ተደራጁ፣ ተደጋገፉ ተብለው ተደጋገፉ። ሪፖርታቸው ላይ "የቤት ሥራን በጋራ መሥራት፦ መቶ በመቶ ተሳክቷል" ብለው ጽፈው ዲኑ ፈርመውበታል። ሌሎቹ ቡድኖች ደግሞ ከኤልቃና ቡድን ተሞክሮ ወስደው ነው።

"እና ለምን ሎሚ?" አለች ዘውድነሽ። 

"ማሽኑ ስህተቱን ራሱ ስለሚናገር፣ ለዚህ ሥራ ጎበዝ ሰው ማባከን አያስፈልግም ብለን ነው።"

ዘውድነሽ ሳቀች። እኔ ልትጮህ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፣ ሰሌዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሎሚ አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ትቧጥጣለች። ምስኪን፣ እምቢ ማለት አቅቷት የስድስት ሰው የቤት ሥራ በስድስት ዓይነት ቁጥር ስትሠራ ከርማ የማቅጠኑን ስሌት፣ ሞላሪቲን፣ ከስሟ በላይ አውቃዋለች። ሌሎቹ ሰነፎችም እንዲሁ። ፕሮግራሙ ሠርቷል፤ የሠራው ግን በሠሩበት ላይ ነው።

ቢሮ ስንመለስ ሳቁ ጠፋ። የክፍሉ አማካይ ከአምናው ወርዷል። እንግዶቹ ሊመጡ ትንሽ ነው የቀረው፤ የኮምፒውተሩ ክፍል ሊሄድ ነው። ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ሚዱን አይተው "ዘውድነሽ፣ ቃልሽን አስታውሺ" ብቻ ብለው አልፈዋታል።

"በቃ ቡድኑን በትኚው" አልኳት። "ፓስወርድ የሰጠ ይባረር በይ! ጠመኔውም የት ይሄዳል?"

"መበተን አልችልም፤ መመሪያ ነው። ደግሞ መረዳዳትን ለምን አፈርሳለሁ? የኛ ሰው ብቻውን አይበላም፣ ብቻውን አይቀብርም፣ ብቻውን የቤት ሥራ ሥራ ብለው እንዴት ይገባዋል?" ቁልፉን በክሩ ላይ እያሽከረከረች አሰበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ፉፋ፣ የሰፈራችሁ ዕቁብ ዳኛ ማን ነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"ባዶ የወተት ጣሳ አምጣልኝ።"

ዕቁብ ማለት መቼም ታውቁታላችሁ። ሁሉም ይጥላል፣ በዕጣ ለአንዱ ይወጣል፣ ዳኛው ጣሳውን ይዞ ይቆማል፣ ማንም አይከራከርም። ዘውድነሽ የተማሪዎቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በየቡድኑ ለየች። ሕጉ ይኼ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ኦንላይኑን እንደፈለጋችሁ ሥሩ፣ ተረዳዱ፣ ተደጋገፉ። ዓርብ ግን ከየቡድኑ አንድ ዕጣ ይወጣል። ስሙ የወጣለት ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ያንኑ ጥያቄ በአዲስ ቁጥር፣ በጠመኔ ይሠራል። እሱ ያመጣው ማርክ የቡድኑ ሁሉ ማርክ ነው።

ዳኛው እኔ ሆንኩ። ጠመኔ አለበት ስላለችኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ አወቀችብኝ።

የመጀመሪያው ዓርብ ጣሳውን አነቃነቅኩ። ከኤልቃና ቡድን ማን ወጣ? ራሱ ኤልቃና! የተተኮሰ ሸሚዙን እያስተካከለ ወጣ። የካራው ባለሱቅና በረኪናው ናቸው። ኤልቃና ስለ ውኃ ጥቅም ጥሩ ንግግር አደረገ። ስለ ነጋዴ ሥነ ምግባርም ተናገረ። ቁጥር ግን አንድም አልጻፈ። "ወንድሜ፣ ስብከቱን ተወውና አካፍል" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ቡድኑ ዜሮ አገኘ፣ የቀሩት አምስቱ ፊታቸውን አጠቆሩበት። ሎሚም ዜሮ። አንጀቴን በላችኝ፣ ግን ዕጣ ዕጣ ነው።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የኮምፒውተሩ ክፍል ሌላ ሆነ። በየማሽኑ ዙሪያ ተኮልኩለው ይጨቃጨቃሉ። ቀድሞ የተናቁት ሰነፎች ተፈላጊ ሆኑ። ኤልቃና ወንበር ስቦ ሎሚ አጠገብ ተቀምጦ፣ "እሺ፣ ይኼን ብቻ ጠቅ አድርጊልኝ" ይላል። ሎሚ ሁለት እጇን ከጠረጴዛው ሥር ትከታለች። "ራስህ ንካው" ትለዋለች፤ በሹክሹክታ ነው፣ ግን ትላለች። ይሳሳታል። "እንደገና" ትለዋለች። ይነጫነጫል፣ ይጸልያል፣ ደግሞ ይሳሳታል። "እንደገና።" ልጅቷ ራሷ ማሽኑን መሰለች። ዓርብ በደረሰ ቁጥር ከጣሳው ማንም ቢወጣ ጠመኔውን ይዞ የሚቆም እየበዛ መጣ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ዓርብ እስኪደርስ እቸኩል ጀመር።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ መቶ መቶው እንዲታይ አዘው፣ ምንጣፍ ሁሉ አስነጥፈው ነበር። የእንግዶቹ መሪ አቶ ከበበ የሚባሉ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ፣ "ይኸውላችሁ ቴክኖሎጂያችን!" አሉ ዲኑ፤ መብራት ድርግም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጀነሬተሩ? ናፍጣ የለውም። ዲኑ ላብ በላብ ሆኑ። "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" ይላሉ፤ የኛ መብራት ለሱፍ የሚያዝን ይመስል!

ዘውድነሽ አላመነታችም። "ፉፋ፣ ጣሳውን" አለች። መስኮቱን ከፈትን፣ ሰሌዳውን አስጠጋን፣ ጣሳውን ለአቶ ከበበ ሰጠኋቸው። "ጌታዬ፣ አንድ ዕጣ ያውጡልን።" አወጡ። ኤልቃና። በልቤ "ወይ ጉዳችን!" አልኩ። ዘውድነሽ አዲስ ቁጥር ጻፈች። ልጁ ጠመኔ አነሣ፤ ንግግር አላደረገም። ጻፈ፣ አካፈለ፣ ቆመ፣ "ቆይ፣ ተሳስቻለሁ" ብሎ አጥፍቶ እንደገና ሠራ። ልክ ነው! ጣሳው ዞረ፣ ሌላ ወጣ፣ ልክ። ሌላ ወጣ፣ ልክ። አቶ ከበበ አጨበጨቡ። እኔ ደረቴ ተነፋ፤ ጠመኔዬ አሸነፈች!

ከዚያ አቶ ከበበ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እጅግ ድንቅ ነው" አሉ። "እንደምናየው በጠመኔ ብቻ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ወጪ ይሠራል። እንግዲያው ኮምፒውተሮቹ ወደ መጋዘን ይመለሱና ክፍሉ ለስብሰባ ይሁን።"

"በጣም ትክክል! እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር" አሉ ዲኑ።

ዘውድነሽን አየኋት። እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨብጧል። ያ ምላስ፣ እኔን ስንት ዓመት ያቃጠለኝ ምላስ፣ ቃል አጣ። የገዛ ብልሃቷ ነው የጠለፋት። ደረቴ ሟሸሸ። መናገር ፈለግኩ፤ ግን እኔ የጠመኔ ሰው፣ ምን ብዬ?

ከኋላ ወንበር ሲጢጥ አለ። ሎሚ ቆማለች።

"ይቅርታ" አለች።  "እኔ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ተሳሳትኩ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ባውቀውም ዝም፣ ባላውቀውም ዝም።" ወደ ኮምፒውተሮቹ አመለከተች። "ማሽኑ አይስቅም። ስሳሳት እንደገና ሞክሪ ይለኛል። ደግሞ ስሳሳት ደግሞ እንደገና ይለኛል። የስድስት ሰው ስህተት እዚህ ተቀምጬ ተሳስቻለሁ፣ ማንም አላየኝም። ኤልቃናም እንደዚያው ነው። ሰሌዳው ላይ ያያችሁት ተሳስተን ከጨረስን በኋላ ያለውን ነው። ክፍሉን ከወሰዳችሁብን የት ሄደን እንሳሳት?"

ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም፤ የሚጨበጨብ ነገር አልነበረም። አቶ ከበበ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ለኔ መለሱልኝና፣ "ለስብሰባው ሌላ ቦታ ይፈለግ" አሉ።

"እኔም ይህንኑ ልል ነበር" አሉ ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ።

ዘውድነሽን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ እያለቀሰች ነው። "ምን ሆነሻል? አሸነፍሽ እኮ!" አልኳት።

"ፉፋ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም ያለውን ሁሉ አያውቅም ብዬ ነው ያረምኩት።"

 እኔ ደግሞ ቆሞ የተሳሳተውን ስቄበታለሁ፤ ያውም ዓርብ ዓርብ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መብራቱ መጣና ከውስጥ የልጆቹ ጩኸት ተሰማ።

በፋይናል የተማሪዎቹ ውጤት ከአምናው በደንብ ተሻለ። ሎሚ አለፈች ብቻ አይደለም፣ ኤልቃናን ዳግመኛ በለጠችው። የዘውድነሽ ዘንቢል አሁን ጎመን ነው የሚሸከመው፤ ሽቅቡ ግን ያው ሽቅብ ነው ትላለች። እኔም አንድ ሰኞ አቀርቅሬ፣ "ለባዮሎጂም ክፍሉን ብትሰጪኝ?" ስላት፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ "ዕቁብ ነው ፉፋዬ፤ ዕጣህን ጠብቅ" አለችኝ። ወሩን ሙሉ አስጠበቀችኝ።

ተራዬ የደረሰ ቀን ክፍሉ ባዶ ነበር። የኔን ጥያቄዎች ከመጻፌ በፊት እስቲ ልየው ብዬ የእሷን የበረኪና ጥያቄ ከፈትኩ። የኔ ባለሱቅ አንድ ጀሪካን ደፋ። አሰላሁ፣ መልሱን አስገባሁ። ስህተት። ዘወር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። እንደገና ሞከርኩ።